ከደወል በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሻል? አባባስ? ልጆቹስ፣ ያንቺዎቹም የኔዋም ደህና ናቸው? እኔ ተመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩ። ባለፈው ከሥራ ልወጣ ነው ብዬ አስደንግጬሻለሁና እንቅልፍ እንዳታጪ ቶሎ ልንገርሽ፤ አልወጣሁም።

ጣጣውን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። እኛ የትምህርት ቤት ረዳቶች በየግማሽ ሰዓቱ የሠራነውን የምንሞላበት ቅጽ መጣልን፤ «ሥራ» እና «ብዛት» ይላል። እኔ ሞኟ ከደወል በፊት ያለውን ባዶ ተውኩት። በር ላይ ቆሞ ልጆች መቀበል፣ ማን አኩርፎ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ከፊቱ ማወቅ ሥራ ተብሎ ይጻፋል? አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ደግሞ እናቷ ለሥራ ርቃ ከሄደች ወዲህ ደወል እስኪደወል ቀሚሴን ጨብጣ ነው የምትቆመው። «ቀሚስ ማስጨበጥ፣ ብዛት አንድ» ልበል?

ርእሰ መምህርቷ ባዶውን ስታይ ሥራ ፈት መሰልኳት። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጻሕፍት ላይ ቁጥር እንድለጥፍ፣ ከዚያ እንድሰናበት ወሰነች። መጻሕፍት መቼም አያኮርፉም፤ እኔ ግን አኮረፍኩ።

በዘጠነኛው ቀን የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ፣ «ጠመኔ» የምንላት ኮስታራ ሴት፣ ቢሮ ገብታ የልቧን ተናገረች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በለቅሶና በማባበል እያለቀ ነው፣ ይቺን ሴት ካልመለሳችሁልኝ ፊደሉን ለማን ላስተምር አለች። ርእሰ መምህርቷ አስጠርታ በቀን ስንት ልጅ እንደማባብል ጠየቀችኝ። እንጃ፣ አንዳንዴ ሃያ፣ አንዳንዴ ማንንም አላባብልም አልኳት። ቅጹን ሳበችና ባዶው ቦታ ላይ «መቀበል» ብላ በእጇ ጻፈችበት፤ ብዛቱ ላይ ሰረዝ አድርጋ ፈረመች። ቦታዬም ጸናልኝ።

ሰኞ ወደ በሩ ተመለስኩ። ያቺ ትንሿ ልጅ ከሩቅ አይታኝ እየሮጠች መጣች፤ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከልኩላት። ዛሬ ቀሚስሽን አልይዝም፣ ቸኩያለሁ ብላኝ ገባች። እታለም ሙች፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን አደራ ቀልዱን እንዳይተው በይልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ፣ ልጄን ደግሞ ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ጠዋት ስታደርሻትም ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆማ የምትቀበላትን ሴት እስቲ ፈልጊያት። ስሟን ባላውቀውም እሷንም ሳሚልኝ።

እህትሽ

ከረዳቶች ማረፊያ ክፍል፣ ኅዳር ፲፬ ቀን