ለፕሬሶቹ የመረጥኩት ሽቦ

ሰኞ፣ ማርች 4፣ 1957፣ ሬዲች

ዝናብ። ከመርፌ ፋብሪካው ትእዛዝ መጣ፣ የእህቴ የኦሊቭ ባል ሲድ ከሚሠራበት። ለፕሬሶቻቸው፣ ብረት ለሚመቱባቸው ማሽኖች፣ ሁለት መቶ የሽቦ ሞላ (ስፕሪንግ) እንድንሠራላቸው። እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ማሽኑን ጎትቶ የሚያቆመው ሞላ። ፋብሪካቸው ውስጡ እርጥብ ስለሆነ የማይዝግ ሽቦ ይሁን ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ሚስተር ሃጊንስ ወረቀቱን መለሰልኝ። "የማይዝገው እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ጠብቁ ልበላቸው? መጋዘን ካለው ምረጥ እንጂ፣ ዊልፍ።"

መጋዘን ያለው ተራው ጠንካራ ሽቦ ነው። ዚንክ ከተቀባ ዝገቱን ይችላል... ሽቦ መራጩ እኔ ነኝ። መረጥኩ።

ዓርብ፣ ማርች 15

ሞላዎቹ ከቅብ ተመለሱ። ያብረቀርቃሉ። ቅቡ ውስጥ ሲነከር ጠንካራ ብረት ጋዝ ይጠጣል። ወዲያው ምድጃ ገብቶ ለሰዓታት ካልጋለ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ምድጃችን በሌላ ሥራ ተይዟል።

"እስከ ሰኞ ይቆይ" አልኩ።

"መኪናው በር ላይ ቆሟል" አለ ሃጊንስ።

አሥሩን ስቤ ሞከርኩ። አንዱም አልተሰበረም። ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ሲድ። ፕሬሱ ቀኝ እጁ ላይ ወረደ። አራት ጣት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 10

ሆስፒታል ሄድኩ። ሲድ ኮርኒሱን ያያል። "እግሬን አንስቼ ነበር፣ ዊልፍ። በራሱ ደገመ።"

ኦሊቭ አይኗ አብጧል። "ፎርማኑ ሲድ ራሱ ፔዳሉን ረግጦ ነው ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ፔዳልና ወለል ይምታታበታል? አንተ ማሽን ታውቃለህ። ንገራቸው እስቲ።"

ምን መለስኩ? ሻይ ላምጣልሽ አልኩ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 12

መርፌ ፋብሪካው የተሰበረውን ሞላ ላከልን። ከአደጋው በፊት ነው በኋላ የተሰበረው? አረጋግጡልን ይላሉ። በማጉያ አየሁት። ዝገት የለም። መለጠጥ የለም። ስብራቱ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል... ጋዙ ነው። የእኔ ሞላ ነው።

ሃጊንስ ጋ ይዤ ገባሁ።

"በኋላ የተሰበረ ብለህ ጻፍ።"

"አይደለም እኮ።"

"ሽቦውን ማን መረጠ? ማን ፈረመ?"

"እኔ።"

"እንግዲያው የምታድነው ራስህን ነው።"

ወጣሁ። ምንም አልጻፍኩም። አለመጻፍም ያው መዋሸት አይደለም?

እሑድ፣ ኤፕሪል 14

ኦሊቭ ሲድን ሾርባ ታጎርሰዋለች። እንደ ሕፃን። ከዋጠ በኋላ "ምናልባት ረግጬ ይሆናል" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ደጋግመው ሲነግሩት ራሱን ተጠራጠረ። እጁን ወሰድኩበት፤ አሁን ደግሞ ይሄን... ከዚህ በታች የሚወረድበት አለ?

ሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ጻፍኩ። ከአደጋው በፊት የተሰበረ። ሽቦውን የመረጥኩት፣ ምድጃ ሳይግል እንዲወጣ የፈረምኩት እኔ። አንዱን ለመርፌ ፋብሪካው፣ አንዱን ለመንግሥት ተቆጣጣሪው። የቀሩት ሞላዎች ዛሬውኑ ይፈቱ የሚለውን ሁለቴ አሰመርኩበት።

ከዚያ ኦሊቭ ቤት። በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። አልጮኸችም።

"ያን ቀን ሆስፒታል ስትመጣ ታውቅ ነበር?"

"ጠርጥሬ ነበር።"

"ሻይ አመጣህልኝ እኮ" አለች። በሩን ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ሜይ 30

በጻፍኩት ምክንያት ከሥራ ከወጣሁ ስድስት ሳምንት። ተቆጣጣሪው ሌሎች ሰባት ስንጥቅ ሞላዎች አግኝቷል። ሰባት ሰው ተረፈ... ብዬ ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት። የሲድን እጅ አይመልስም።

ዛሬ ሲድ ራሱ ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም።

"አልረገጥኩም ማለት ነው።"

"አልረገጥክም።"

"ፎርማኑ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀኝ። አንተን ግን ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ አልመጣሁም።"

"አውቃለሁ። ኦሊቭስ?"

"ስምህ ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣለች።"

ሊሄድ ሲል ኮቱን መቆለፍ አቃተው። እጄን ሰደድኩ።

"ተው" አለ።

ሦስቱን ቁልፍ በግራ እጁ እስኪጨርስ ቆሜ አየሁ።