የደረሰበትን የሚያሳይ መድኃኒት

ሙሌ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ከረምክ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ የለም፤ ስለዚህ የኛን ልንገርህ። የጓዳው ጣሪያ በመጨረሻ ተቀየረ፤ አንተ ስድስት ዓመት ነገ ነገ ስትለው የኖርከውን አናጢው በሁለት ቀን ጨረሰው። ስትነዳት የኖርካትን ማኪናህን የአዘዞ ሰው ገዝቷት አሁንም አዲ አርቃይ ትመላለሳለች። ጥሩንባዋን ስሰማ በር ልከፍት እነሳለሁ። ሞኝ ነኝ።

ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ጣሪያ ላወራህ አይደለም። የደበቅኩህ ነገር አለ።

ባለፈው ሳምንት ልጃችን ሰብለ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ የመመረቂያ ጥናቷን አቀረበች። ፋርማሲ መማሯን ታውቃለህ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የካንሰርን መድኃኒት የመረጠችው ግን አንተ ካረፍክ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሴትዮ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አፌን ከፍቼ ዋልኩ ብልህ አታምነኝም።

ያወራችው ስለ አንድ ቅንጣት ነው፤ ናኖ ይሉታል። በአንዲት ፀጉር ስፋት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ አለች። እንዲህ አንሶ ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ በሆዱ የካንሰር መድኃኒት ተሸክሟል፣ በዚያው ላይ በምስል ማንሻ መሣሪያ ይታያል። በደም ሥር ሲገባ ሐኪሙ የት እንደደረሰ በዓይኑ ይከታተለዋል። ባሕር ማዶ ያሉ ተመራማሪዎች ያነሱትን የአንዲት አይጥ ምስል ግድግዳው ላይ አሳየችን። ሰውነቷ ጨለማ ነው፤ ጉበቷ አካባቢ ትንሽ ብልጭ ይላል፤ እጢው ካለበት ጎኗ ላይ ግን ብርሃን ቦግ ብሏል። ያ ብርሃን መድኃኒቱ ነው፣ ሙሌ! ደርሻለሁ እያለ ነው! አቤት ያንተ ሥራ፣ አምላኬ! እኛ ቤት ለአይጥ መርዝ እንጂ መድኃኒት ተገዝቶ ያውቃል? ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ፤ አጠገቤ የነበሩት መምህር መሐረብ አቀበሉኝ።

ለሰው ገና ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው ብላለች። ይሁን። ሰው በዓይን የማይታይ ነገር ላይ ጭነት ጭኖ፣ የት እንደሄደ ማየት ከቻለ እኔ ሌላ ምን ተአምር እጠይቃለሁ?

እዚያ ተቀምጬ ግን ሆስፒታል የተኛህበት ቀን ታወሰኝ። በደም ሥርህ የሚገባውን ጠብታ እያየህ፣ ይህ ነገር ሕመሜ ያለበትን ቦታ በምን ያውቀዋል ብለህ ጠየቅኸኝ። የጨጓራ መድኃኒት ነው፣ ጨጓራህን አያጣውም አልኩህ። ዋሸሁህ። ካንሰር ነበር። ሐኪሙ ለእኔና ለታላቅ ወንድምህ ለአያ ደሴ ነገረን፤ ተስፋ እንዳትቆርጥ ብለን ደበቅንህ። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ መች ይነገራል? ፀጉርህ ሲረግፍም መድኃኒቱ ኃይለኛ ስለሆነ ነው አልኩህ። አንተም እሺ አልክ። ዕድሜ ልክህን ሳትከራከረኝ እሺ ብለኸኝ የማታውቅ ሰውዬ!

ጥናቷን ባቀረበች ማግስት አውቶቡስ ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። አያ ደሴ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ሙሌ ምን እንደገደለው ሳያውቅ ሄደ፣ በደልነው ብዬ አለቀስኩ። እሱም፣ ያውቅ ነበር እኮ አለኝ።

ከሁለተኛው ዙር መድኃኒት በኋላ ሐኪሙን ለብቻህ ጠይቀህ እውነቱን አውጥተሃል። ከዚያ ወንድምህ ዘንድ ሄደህ፣ አልማዝ አላወቀም ብላ ነው የበረታችው፣ ይቺን ብርታቷን አትንጠቅብኝ ብለህ አስምለኸዋል። እሱም ሸጋ ሰው ነው፣ መሐላውን ሦስት ዓመት ጠበቀ።

ተናደድኩብህ፤ እውነቴን ነው። በራሴም ተናደድኩ። ስንት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ እኔ ካንተ፣ አንተ ከኔ ስንደባበቅ! ኑሮዬን አሳምረህልኛል ብዬ ላመሰግንህ እችል ነበር። በጉብዝናችን ጊዜ ስላስቀየምኩህ ነገር ይቅርታ እጠይቅህ ነበር። አንተስ ምን ልትለኝ ነበር? አሁን ማንን ልጠይቅ?

ትናንት ሰብለን አጠገቤ አስቀምጬ፣ እኔ ብታመም የበሽታዬን ስም ጠርተሽ ንገሪኝ፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እናወራለን አልኳት። እጄን ይዛ ብዙ አለቀሰች። መጨረሻ ላይ ማለችልኝ።

ስምህን በቅዳሴ ማስጠራቴን አልተውም። እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ ባሌን ጨጓራ ገደለው ስል ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ ግን ካንሰር ነበር፣ እያወቀ ለእኔ ብሎ ዝም አለ እላለሁ። ሙሌዬ፣ ከነእውነትህ ነው የማስታውስህ።

ያንተው አልማዝ