ጫልቱ ያልሰማችው

ሰኞ
የታክሲው ረዳት የበረዶ ሳጥኔን ከፍቼ ካላሳየሁት አልጭንም አለ። "ሥጋ ነው?" "የበሬ ዕጢ ነው፣ ከኩላሊት በላይ የምትገኝ።" ከዚያ በኋላ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የለም። ላብራቶሪ ደርሼ ለጫልቱ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሰባት ወሯ ነው። ሆዷ ከጠረጴዛው ስለማያስጠጋት በጎኗ ቆማ ነው የምትሠራው። ዕጢዎቹን ከትፈን ሴሎቹን ለየን።

ማታ ጋሽ ደበላ ደወሉ፤ የጫልቱ አጎት፣ እዚሁ ከተማ በሰቃ ሰፈር የሚኖሩት፣ ለትምህርት ከአርሲ ስትመጣ የተቀበሏት። "ወንድሜ አረፈ። ነገ እዚያው አርሲ እንቀብራለን። እስክትወልድ እንዳይነገራት ተባብለናል፣ ባሏም ያውቃል። አንቺ አብረሻት ስለምትውዪ አደራ።" እሺ አልኩ። ሽማግሌ አደራ ሲል እምቢ አይባልም።

ማክሰኞ
አባቷ ይቀበራሉ፣ እኛ ሴል እናበላለን።

ሥራችን ይህ ነው። ከአንጎል ሥር ካለች ዕጢ የሚወጣ ሆርሞን አለ፤ ከኩላሊት በላይ ባለችው በአድሬናል ዕጢ ሴል ላይ ሲያርፍ ኮርቲሶል የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን እንዲያመርት ያዘዋል። ሴሉ ትእዛዙን እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ የዚያኑ ሆርሞን ቁራጭ እንጨምራለን። ቁራጩ ቀድሞ ሴሉ ላይ ያለውን የሆርሞኑን ማረፊያ ይይዛል፣ ግን ምንም አይልም። ሙሉው ሲመጣ ማረፊያ ያጣል። መልእክቱ በዚያው ይቀራል።

በምሳ ሰዓት አባቷ ጋ ደወለች። አይነሳም። "ኔትወርክ ይሆናል" አልኳት። ውሸት እንዲህ እንደሚቀለኝ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ
ሠራ! ቁራጩን ቀድመን የሰጠናቸው ሴሎች ሙሉው ሆርሞን ቢጨመርባቸውም ኮርቲሶላቸው እምብዛም አልጨመረም። ስንት ወር የለፋንበት ነው። ጫልቱ ስታቅፈኝ ሕፃኑ ረገጠኝ።

"መጀመሪያ ለአባባ ነው የምነግረው" አለች። አባቷ ሁሌም የከብት ሐኪም ትመስላቸው ነበር፤ በደወለች ቁጥር "በሬዎቹ ተሻላቸው?" ይሏታል። ይሏት ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እኔ ያ ቁራጭ ሆኛለሁ። ጆሮዋ ላይ ተቀምጬ ምንም አልልም።

ሐሙስ
ከሳሪስ ጋቢ ገዝታ መጣች፤ አባቷ ለክርስትናው ሲመጡ እንዲለብሱት። ዘርግታ እያሳየችኝ "ያምርበታል?" አለች። ያምርበታል አልኩ። ከዚህ በላይ አልችልም።

ከሥራ በቀጥታ ወደ በሰቃ ሄድኩ። ጋሽ ደበላ ከቀብር ተመልሰዋል፣ ጺማቸው አድጓል። "ጋሼ፣ ይነገራት" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ስለ ድንጋጤ የምትማሪው አንቺ አይደለሽም? ያ ጽንስ ቢጎዳስ?"

"እኔ የማውቀው የበሬ ሴል ነው፣ ጋሼ። ሴል አባት የለውም።"

ዓይናቸውን ጠረጉ። ለካ እሳቸውም ወንድማቸውን በወጉ አላለቀሱም፤ ወሬው ጫልቱ ጆሮ እንዳይገባ ድንኳን እንኳ አልተተከለም። ይሄ እስከ ዛሬ አልታየኝም ነበር። ከዚያ "ሐኪሟ ትጠየቅ። ከፈቀደች ቅዳሜ ንጋት እናርዳታለን" አሉ።

ቅዳሜ
ሐኪሟ ፈቅዳለች፤ ብቻ ቁጭ ብላ ትስማ ብላ ነበር። እሱም አልሆነ። በሩን ስናንኳኳ ጫልቱ ራሷ ከፈተች። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስታየን ማንም አፉን ሳይከፍት "ቀበራችሁት?" አለች። "ሞተ?" አላለችም። ጋሽ ደበላ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ትንሽ ስትረጋ ወደኔ ዞረች።

"ኔትወርክ ነው ስትዪኝ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

ፊቷን አዞረች። ሐኪሟ መጥታ የጽንሱን የልብ ምት ሰማች፣ ደህና ነው አለች። እኔን ግን እስክወጣ ድረስ ጫልቱ አላየችኝም። እውነቷን ነው። አባቷን አፈር እንዳታለብስ ካደረጓት አንዷ እኔ ነኝ።

እሁድ
እንዳልሄድ ሰበብ ስፈልግ አረፈድኩ። ከሰዓት ሄድኩ። ድንኳን ተተክሏል። ጫልቱ ለቀስተኛው መሃል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ አብጧል። ከሩቅ አየችኝና "ነይ እዚህ" አለች።

"ሁሉም አይዞሽ ይለኛል። አንቺ ንገሪኝ። ምን ብለው ደወሉልሽ? መቼ ነው የተቀበረው?"

ነገርኳት። የሰኞውን ስልክ፣ ሴል እያበላን አባቷ ሲቀበሩ እንደነበር፣ ጋቢውን ስታሳየኝ ምን እንደተሰማኝ። ምንም አላስቀረሁም። ጉልበቴን ይዛ ሰማችኝ። ስጨርስ "ቀጥዪ" አለችኝ።

የማውቀው እዚያ ላይ አለቀ። እጇን ግን ከጉልበቴ ላይ አላነሳችም።