አንዲት ሬዲዮ፣ አሥራ አራት ቤት

ይድረስ ወንጂ ለሚገኘው ለታናሽ ወንድሜ ለጩማ፤

የጌታ ሰላም ከደጃፍህ አይራቅ። እንደምን ከርመሃል? ሸንኮራ የቆረጠው መዳፍህ ጠገገ? ባለቤትህ ሳህሊቱስ ከወባው አገገመች? ልጃችሁ መራመድ ጀመረች? እናታችን ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግራታል። እኔም ደኅና ነኝ ልል ነበር። እንጃ።

ነገሩ የምሠራበት የሬዲዮ ሱቅ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት የተበሳ ካርድ እያነበበ የሚቆጥር መኪና አስገብቷል። በየወሩ የምጽፈው ደብዳቤ ከመስከረም ወዲህ ቀረና ባለ ሣጥን ቅጽ እሞላለሁ። በአንዱ ሣጥን ባለፈው አንድ ዓመት የተሸጠ ሬዲዮ፣ በሌላው የተሸጠ የባትሪ ድንጋይ። ቁጥር ብቻ። እዚያ ቁጥሩን ካርድ ላይ በስተው ካርዱን ለመኪናው ያጎርሱታል፤ የሚላክልንን ዕቃ እሱ ይወስናል። ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽህም።

በጥቅምት ድንጋይ አልመጣም። አቶ ወልደመስቀል የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡ። መኪናው የሶዶን ሱቅ ነጥሎ አወጣው አሉኝ። በዓመት አሥራ አንድ ሬዲዮ ሸጠህ ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን በላው፣ አንተ ነህ ወይስ አይጥ? አሉኝ።

አንተ ታውቃለህ። ለእናታችን የላክሃት ሬዲዮ መቼ አንድ ቤት ተቀምጣ ታውቃለች? ዛሬ ሻንቆ ቤት፣ ነገ ፋንታዬ ቤት፣ አሥራ አራት ቤት ትዞራለች። ተረኛው የራሱን አራት ድንጋይ ከትቶ ይሰማል፣ ሲያስረክብ አውጥቶ ያስቀራል። በሰው ድንጋይ ወንጌል መስማት ነውር ነው። የሌሎችም ሬዲዮ እንዲሁ ይዞራል። ያንተዋ ደግሞ ከእኔ ሱቅ አልተገዛችም፤ መኪናው መኖሯንም አያውቅ።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳቁ። ሬዲዮም እንደ በሬ በቅንጃ ይያዛል እንዴ? አሉ። አዎን ጌታዬ፣ አልኩ። እሺ፣ ይህ የሚጻፍበት ሣጥን የታለ? አሉ። የለም።

ሁለት ነገር አቀረቡልኝ። ወይ ድንጋዩ በእኔ ጉድለት ጠፋ ብዬ እንድፈርም፣ ወይ በሚቀጥለው ቅጽ ሬዲዮውን አርባ እንዳደርገው። አርባ ካልከው መኪናው አይጣላህም አሉ። ሌባ ወይስ ውሸታም፣ ምረጥ ማለት ነው። ስድስት ዓመት አገልግዬ! ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ሀብተየስ ደብዳቤዬን ያነብ ነበር። የእናትህ ተራ ደረሰ ወይ ብሎ በጠርዙ ላይ ይጽፍልኝ ነበር። አሁን እሱን ካርድ እንዲበሳ አስቀምጠውታል። የሚያውቀንን ሰው ዝም አሰኝተው የማያውቀንን መኪና ጠየቁ።

አንዳንዴ ራሴን እጠረጥራለሁ። ባዶውን መደርደሪያ አያለሁ። ወስጄ ይሆን? ሰው ሲጠረጠር እጁ ይከብደዋል፤ አላውቅም ነበር።

ሰዉ ያለቀውን ድንጋይ ጥቂት ይነቃ እንደሆን ብሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ሐሙስ ተራው የእናታችን ነበር። ሬዲዮዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ጎረቤት መጣ፣ ተቀመጠ። ድምፅ የለም። ጸልየው ሄዱ። እናታችን፣ ያ መኪና ከጠረጠረን ለምን ራሱ መጥቶ ቤት ለቤት አያይም? አለች።

ትናንት ቅጹን ሞላሁ። አሥራ አንድ ብዬ። ሌላውን ወረቀት አልፈረምኩም። በቅጹ ጀርባ የአሥራ አራቱን ቤት ስም ጻፍኩ፤ የቻለ ፈረመ፣ ያልቻለ አውራ ጣቱን አኖረ። የመጀመሪያው ጣት የእናታችን ነው። መኪናው ጀርባ አያነብም ብለውኛል። ሀብተየስ ግን ካርዱን ከመብሳቱ በፊት ቅጹን በእጁ ይይዛል። ቢገለብጠው ብዬ ነው።

ካባረሩኝ፣ ወንጂ በእጁ ለሚቆጥር ሰው ሥራ ይኖር እንደሆን ጠይቅልኝ።

ሳህሊቱን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ልጅቷን ግንባሯን ሳምልኝ። እናታችን ጉንጭህን ትስማለች። ሻንቆ ሰላም ብሎሃል፤ ፋንታዬም እንዲሁ። ሬዲዮህ ዛሬ እሷ ቤት ናት። ዝም እንዳለች ትዞራለች፤ ተራዋን ያስቀረ ቤት የለም።

ወንድምህ ደገፉ
ወላይታ ሶዶ፣ ቅዳሜ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.