በክንድ የለካሁት ስጋጃ

እኅቴ ከሪማ፣ ሰላምታ ካስቀደምሁ ወኔዬ ስለሚከዳኝ፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን በመጀመሪያ ልጻፍልሽ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ካለሽበት አገር የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። አልደረሰኝም ያልሁት ውሸት ነው። ተቀያይመን ስለ ተለያየን የወቀሳ መሰለኝ። እኔ ፊደል አላውቅ፤ ጎረቤት አንብቦ ገመናችንን እንዳይሰማ ብዬ ሣጥን ውስጥ ቀበርሁት። ኤምባሲው የጠየቀሽን የቀበሌ ማስረጃ ላኪልኝ የሚል መሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፊደል ቆጥሬ ራሴ ሳነበው ነው። በዚያ ማስረጃ እጦት መምጣት አቅቶሽ የአባታችን ቀብር አመለጠሽ። ወንድማችን ዘይኑልአቢዲንም «አባቷን የረሳች» እያለ እስከ ዛሬ ስምሽን አይጠራም። እኔም ደብዳቤሽን አውጥቼ አላሳየሁትም።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? በኤምባሲው ቢሮ ለቢሮ ሻይ ይዘሽ ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ ይታየኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ የሆጤ ብርድ ብቻ ዘንድሮ አልቻል ብሏል።

ደስታችንን ደግሞ ስሚ። የአገራችን ንግድ ቢሮና ኤምባሲው ባለሽበት ከተማ ሁለት ዳር ሳሉ የስጋጃ ሠሪዎች ማኅበራችን የመላኪያ ወረቀት ማኅተም ፍለጋ ስንት ወር እንደ ተንከራተተ ታውቂያለሽ። አንድ ቤት ይበቃችኋል ተብለው ንግድ ቢሮው ኤምባሲው ፎቅ ላይ ባይገባ ኖሮ ዘንድሮም አበቃልን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጹ የስጋጃውን መጠን ሲጠይቅ «አራት ክንድ በሁለት ክንድ» ብዬ ሞላሁ። እኛ ሌላ በምን ለክተን እናውቃለን?

አንቺ በስልክ ቸኩለሽ ነው የነገርሽኝ፤ እኔ ግን እዚህ ሰባት ጊዜ አውርቼዋለሁ። የንግድ ቢሮው ሰውዬ ቅጹን እያነበበ ሲስቅ፣ አንቺ ሻዩን አስቀምጠሽ፣ «የእኅቴ ክንድ ነው፤ የእኔና የእሷ እኩል ነው፣ ለኩኝ» ብለሽ እጅጌሽን ሰበሰብሽ። እሱም ለክቶ በሜትር ጻፈው። ሻዩ ሳይበርድ ወረቀቱ ታች ወርዶ የኤምባሲው ማኅተም አረፈበት።

ይኸው ስድሳ ስጋጃ ታዘዘ! ባለፈው ሳምንት ከሰኞ ገበያ ጭነን ኮምቦልቻ ድረስ ሸኘነው። ጠጉሩን የፈተሉት የኩታበር ሴቶች መኪናው ላይ ቆመው እልል ሲሉ መንገደኛው ሙሽራ የምንሸኝ መስሎት ነበር። ወርቅነሽማ፣ ያቺ አፈኛ የሥራ ጓደኛዬ፣ «አንቺ ቢልቂስ፣ አንቺ ከደሴ ሳትወጪ ክንድሽ ፓስፖርት አወጣ!» ብላ ሁሉን አሳቀችው።

ከዚያ ሁሉም እኔን ሲመርቁ ምርቃቱ አልዋጥ አለኝ። አንቺ የእኔን ወረቀት በአንድ ቀን አሳለፍሽ፤ እኔ የአንቺን ሁለት ዓመት ቀበርሁ። ወላሂ፣ ከእንግዲህ ያንቺን ምስጋና ለብሼ አልቀመጥም። ለሴቶቹ «ሥራውን የጨረሰችው ከሪማ ናት» አልኋቸው፤ እልልታው ለአንቺ ሆነ። አፉ በይኝ፣ እኅቴ። ባይሆንልሽም አልፈርድብሽም።

ባለቤትሽን አሚርን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ኢስራን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ማንበብ የጀመረችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው በያት፣ እንዳትሰንፍ። አብረውሽ የሚሠሩትን፣ በተለይ የለካሽን ሰውዬ፣ ከደሴ ዱዓ ይደረግልዎታል በይልኝ።

ደሴ፣ ሆጤ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብዳቤ ሁለት አድርጌ በእጄ ጽፌዋለሁ። አንዱን ወዳንቺ የምትመጣው ፈትሂያ ታደርስልሻለች። ሁለተኛውን ነገ ጠዋት ኩታበር ሄጄ ራሴ የምሰጠው ለወንድማችን ለዘይኑልአቢዲን መሕሙድ ነው።