የአማቴ በር

ሰኞ፣ መስከረም 19
ዛሬም ቀበሌ። ፎርሙን ተቀበልኩ። በአዲሱ አዋጅ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቤት፤ ትርፉ የሕዝብ። ከሳሎኔ ጀርባ የተጠጋችው ክፍል ሁለተኛ ቤት ናት ተባለ። የራሷ በር፣ የራሷ ማድቤት አላትና። ማን ሠራት? እኔው። አማቴ እማማ ዘነበች ባለቤታቸው ሲሞቱ ከሽሮ ሜዳ አመጣኋቸው። ከአማች ጋር በአንድ ደፍ አይወጣም አይገባም አሉ። በመንገዱ በኩል በር አወጣሁላቸው፤ ለአክብሮት። ይኸው ደብተሬ፣ አክብሮቱ ትርፍ ቤት ሆነ።

ረቡዕ፣ 21
ክፍሏ ለማን እንደምትሰጥ ሰማሁ። ለሸማኔው ለኦይሻ። ክረምት ላይ ወንዙ ቤቱን ከነሽመና ዕቃው ወሰደበት። ሰባት ነፍስ፣ ሰው በረንዳ ላይ። እንዴት ልጥላው? መሬት ለሕዝብ ሲባል እኔም ሰልፍ ወጥቼ አጨብጭቤያለሁ። ሚስቴ ተዋበች ታለቅሳለች። እናቴስ የት ትግባ ትላለች።

ቅዳሜ፣ 24
ሊቀመንበሩ ደምሴ የድሮ ጎረቤቴ ነው። መላ ሹክ አለኝ። የመንገዱን በር ዝጋ፤ ከሳሎንህ በኩል ክፈት፤ አንድ ቤት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የጭቃ ግድግዳ በዶማ ስንድ ዋልኩ። የመንገዱን በር በሚስማር መታሁ። ኦይሻ ሲያልፍ አየኝ።
«ጋሼ፣ ሰው ቤት ሲሠራ እንጂ ሲበሳ አላየሁም!» ብሎ ሳቀ።
አፈርኩ። ዶማውን ግን አላስቀመጥኩም።

እሑድ፣ 25
እማማ ቅዳሴ ቀሩ። በሳሎኔ ከማለፍ ብለው።

ሰኞ፣ 26
ኮሚቴው መጣ። ቀዳዳውን አዩ። ደምሴ ለወጉ ያህል፣ እማማ፣ በዚህ ነው የሚገቡት የሚወጡት? አለ። አዎ ማለት ብቻ ነበር።
«ምን አልክ? እኔ የአማቼን ደፍ ረግጬ አላውቅም! በሬ ያውና፤ ቸንክሮብኝ ነው እንጂ!»
ደምሴ መሬት መሬት አየ። ጸሐፊው ጻፈ። ትርፍ ቤት።
አልተቆጣሁም። ምን ብዬ? ውሸቱ የእኔ፣ እውነቱ የእሳቸው።

ሐሙስ፣ 29
ኦይሻ ነገ ይገባል። ሚስማሩን ነቀልኩለት። ቀዳዳውን በጭቃ መረግነው፤ እሱ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ።
የእማማ አልጋ ሳሎን ገብቷል። እሳቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ናቸው። ያካፋል። ተዋበች ብትለምን ወይ ፍንክች።

ማምሻውን
ወሰንኩ። የፊት በሩም ሳሎኑም የእሳቸው። እኔ ደፉን አልረግጥም፤ ከቤታችን ጋር በተያያዘው በእኛው ማድቤት እገባለሁ፣ በማድቤቱ እወጣለሁ። ተዋበች ነገረቻቸው። በርጩማቸውን ይዘው ተነሡ።
ይህን የምጽፈው ማድቤት ተቀምጬ ነው።