ከአልጋችን ሥር የሚወጣው ገበታ

ዘለቀዬ፣

አንተን በትከሻ ተሸክመው የተሻገሩት ውሃ ሄዶ ተመልሷል። ፎገራ አንድ ጊዜ ደርቆ፣ ጓያውና ሽምብራው በቅሎ፣ ታጭዶ፣ ከብቱም ቃርሚያውን ግጦ፣ አሁን ደግሞ ሜዳው እንደገና ባሕር መስሏል። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ እንደምን ከርመሃል ብሎ ነው የሚጀምር። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? እኔም ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ደኅና አይደለሁም።

በሰው ፊት አንቱ እያልኩህ ኖርኩ፤ ለብቻችን ስንሆን አንተ። ይህን ወረቀት ማንም አንስቶ ቢያነበው እንኳ ዛሬ አንቱ አልልህም። ጥለኸኝ ሄደሃልና አክብሮቱን ቀንሼብሃለሁ።

ቤታችን ያቺው ናት። የጎንደሩ መኪናና የደብረ ታቦሩ መኪና ከሚለያዩበት ፊት ለፊት፣ አንዲት በር፣ አንዲት መስኮት። ጣራው በምድጃው በኩል ያፈሳል። መላጊያህንና መጋዝህን ወንድምህ ካሴ ወሰዳቸው፤ መሮህን ግን አልሰጠሁትም፤ ከትራሴ ሥር ነው። ከመንገዱ ማዶ የብረት ጠረጴዛ ያለው ሻይ ቤት ተከፍቷል። ሾፌሮቹ ሁሉ አሁን እዚያ ናቸው። ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

ገበታው ከመሠራቱ በፊት እንዴት እንደነበርን አትረሳውም። አልጋ ከገባ ሰው የማይገባባት ክፍል ውስጥ እኔ ለሾፌሮች ሻይ አፈላለሁ፣ ዳቦ እቆርጣለሁ። ሊጡን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ አቦካለሁ፤ ዳቦውን በርጩማ ላይ እቆርጣለሁ፤ የሾፌሩ ብርጭቆ መሬት ላይ ይቀመጥና ረዳቱ ሲገባ ይረግጠዋል። አንተ ደግሞ የሰው ቁም ሳጥን፣ የሰው ጠረጴዛ፣ የሰው በር ስትሠራ ትውልና ማታ መጥተህ መሣሪያህን ከአልጋው ሥር ትወረውራለህ። የአናጢ ሚስት ጠረጴዛ የላትም እያለች ጎረቤቴ ላቀች ስትስቅብኝ ኖራለች። እኔም በተራዬ አንተን ስነዘንዝህ ኖርኩ። «ጠረጴዛ ልሥራልሽና የት ልናድር ነው? ጣራ ላይ?» ትለኝ ነበር።

ወንዛዬ የወረድነው ለጉልበትህ ነው። ፍል ውሃው ለጉልበትህ ምን እንዳደረገ እንጃ፤ ለእኔ ግን ገበታውን ወለደልኝ። ያረፍንባት ጎጆ ከቤታችንም የባሰች ጠባብ ነበረች። ታጥበን ስንመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሰሃኑን በጭናችን ላይ አመቻችተን ነበር የምንበላ። አንድ ቀን ጉርሻህ በእጅህ እንዳለ ሰሃኑን ትኩር ብለህ ማየት ጀመርክ። አመመህ ወይ ብዬ ደነገጥኩ። «አንቺ፣ ገበታ እንደ ምላስ ቢሆን ምን አለበት? ሥራ ሲኖር ይወጣል፤ ሥራ ሲያልቅ ይገባል» አልክ። ከዚያ ጉርሻህን ዋጥ አደረግክና፣ «ወጥቶ የማይገባ ያንቺ ብቻ ነው» ብለህ በራስህ ቀልድ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። እኔ ግን ተቆጥቼ ፊቴን አዞርኩ። ያን ሳቅ አሁን ከወዴት ላምጣው?

ወረታ እንደተመለስን አሮጌውን አልጋ ነቅለህ አወጣህና አዲሱን ከግድግዳው ጋር አያይዘህ ሠራኸው። ልኩን ለመውሰድ መሬት ላይ በጀርባህ ተንጋለልክ። ከራስህ በላይና ከእግርህ በታች በከሰል አስምሪ አልከኝ፤ አሰመርኩ። አልጋውም፣ ከአልጋው ሥር የሚገባው ሳንቃም በዚያው ልክ ተቆረጡ። ሳንቃው ከአንድ የዋንዛ ግንድ የወጣ ነው፤ መጋጠሚያ የለበትም። ስስበው በአልጋው ጎን በኩል ይወጣል፤ ታጣፊ እግሩን ስዘረጋለት ይቆማል። ጨርሶ ወጥቶ እግሬ ላይ እንዳይወድቅ ከኋላው ማገጃ እንጨት መታህበት። ሳንቃው የሚንሸራተትበት መሄጃ እንዳይዘውም ከቤተ ክርስቲያን የማመጣውን የጧፍ ጉራጅ እንድቀባው አሳየኸኝ። በአንድ ጣቴ ነበር የምስበው። በዳሌዬ ገፋ ሳደርገው ደግሞ ይገባል፤ ቤቱ ቤት ይሆናል።

ሾፌሮቹ እያዩ ይደነቁ ነበር። ያ ጥርሰ ፍንጭቱ ሾፌር ትዝ ይልሃል? «እትዬ ጥሩነሽ፣ አልጋሽ መሳቢያ አለው እንዴ! ከባልሽ ስትጣዪ እዚያ ትከቺው ይሆን?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። አንተም በሩ ላይ ቆመህ መጋዝህን እየሞረድክ፣ «እሷ ናት እንጂ እዚያ የምትገባ፤ እኔ እግሬ ይተርፋል» አልክ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

ፊደል ያስቆጠርከኝ በዚያ ገበታ ላይ ነው። አንተ በልጅነትህ ጣራ ገዳም ተምረህ ያነበብክ ሰው ነህ፤ እኔ ግን ጠጉሬ እስኪሸብት የስኳር ከረጢት ላይ የተጻፈውን እንኳ ለይቼ አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ለምን አላስተማርከኝም? ይህን ቂም አልተውኩትም፤ ሞትህም አላስተወኝም። ገበታው ከመጣ በኋላ ግን፣ ሊጡን አቡክቼ ሳነሳ የተረፈውን ዱቄት በእጅህ ዘርጋ ታደርግና በጣትህ አንድ ፊደል ትጽፋለህ። እኔ ከሥሩ እጽፋለሁ። ስሳሳት በመዳፍህ ትጠርገዋለህ። «ዱቄት እንዳንቺ ቂም አይዝም» ትለኝ ነበር። ነ ላይ ደረስን። ከዚያ ታመምክ። ያንተን ስም ለመጻፍ ዘ ያስፈልጋል፤ ዘ አልደረሰም። በኋላ ትምህርት ቤቱ ለአዋቂዎች ማታ ማታ ማስተማር ሲጀምር ሄጄ፣ የልጅ ልጄ ሊሆን ከሚችል መምህር የቀረውን ተማርኩ። ስምህን ያስጻፈኝ እሱ ነው፤ አንተ አይደለህም።

ትኩሳቱ የያዘህ የርብ ወንዝ በሞላበት ሰሞን ነው። መኪናው ሁሉ ከጭቃው ወዲያ ቆሟል፤ ወደ ጎንደር ላድርስህ ብል በምን? ሰውነትህ እንደ ምድጃ ሲነድ ገበታውን ስቤ ውሃውንና ጨርቁን በላዩ አስቀመጥኩ፤ በአጠገብህ ተቀምጬ ግንባርህን ሳርስ ከረምኩ። ክንድህንም በላዩ ላይ ታሳርፍ ነበር። ክንድህ ከዚያ ላይ እንዳለ ነው የሄድከው።

ከዚያ የሆነውን አንተ አታውቅም። የዕድሩ ቃሬዛ ከውሃው ማዶ ሌላ ሬሳ አድርሶ እዚያው ቀርቷል። ሌላ ቤት ቢሆን በአልጋው ያወጡሃል፤ ያንተን አልጋ ግን ከግድግዳው ማን ይንቀለው? ሰዎቹ ሲጨነቁ ካሴ መሬት ላይ ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር አየ። ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም። መጥረቢያ አንስቶ ማገጃውን ሲመታው ሰማሁ። ገበታዬን ሙሉውን መዝዞ አወጣው። በሰሌን ጠቅልለው በላዩ አጋደሙህ። ከራስህ እስከ እግርህ፣ ጣት የምታህል ቦታ አልተረፈም። ካሴ እያለቀሰ፣ «ልኩ ነው» አለ።

ለቀስተኛው አፉን ያዘ። «ሞቱን አውቆ የሠራው ነው! የተባረከ ሰው!» አሉ። ላቀችማ ደረቷን እየደቃች አልቅሳ ሳትጨርስ፣ ሞቱን እስከ ልኩ ያወቀ ሰው ብላ ሙሾ አወጣችበት። ዘለቀዬ፣ በከሰል ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ስለ ሞት አንድ ቃል ከአፍህ አልወጣም። «አይበርደኝም ወይ፣ ቶሎ አስምሪ እንጂ» ነው ያልከኝ። አንተ ለዳቦ ነው የሠራኸው። ይህን ጮኼ ብናገር ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብለው እጄን ያዙኝ። ዛሬም ወረታ ገበያ ሲወራ አንተ ሞትህን ያወቅክ ሰው ነህ። ሞቱን የሚያውቅ ሰው ሚስቱን ነ ላይ ጥሏት ይሄዳል?

ወንዶቹ ውሃውን እስከ ወገባቸው ገብተው አሻገሩህ። ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ገበታዬስ አልኩ። ባል የሞተባት ሴት ስለ ሳንቃ ትጠይቃለች ብለው ተያዩ። የአርባህ ዕለት ደግሞ የነፍስ አባታችንን ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ሬሳ የተሸከመ እንጨት ወደ ቤት አይመለስም፤ ሌላ ይጠራል» አሉኝ። አባቴ፣ ከቤቱ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይጥራኝ አልኳቸው። እንዲህ አይባልም ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ዓመቱን ሙሉ አልጋችን አፉን ከፍቶ ኖረ። አይጥ ገባበት። እኔም እንደ ድሮው ሊጡን በጉልበቶቼ መካከል ማቡካት ጀመርኩ፤ ብርጭቆውም እንደገና መሬት ወረደ፤ ረዳቶቹም እንደገና ይረግጡት ጀመር። ካሴ አዝኖልኝ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ይዞ መጣ። የባሕር ዛፍ ሽታ ዱቄቱ ላይ ይቀራል ብዬ መለስኩት። ሰበብ ነበር። ያንተ ልክ የሌለበትን ምን ላድርገው?

የሙት ዓመትህን ልዘክር ወደተቀበርክበት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ዝናቡ ይወርድ ነበር፤ መሻገሪያው ግን ገና አልሞላም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ያለችውን ቦይ ለመሻገር እግሬን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ድልድይ ብለው የዘረጉት ገበታዬን ነው። በጭቃ ተለውሶ፣ ሰው ጫማውንና እግሩን እየጠረገበት። የማንቆርቆሪያዬ ቂጥ ያቃጠለውን ክብ ምልክት አወቅኩት። የቢላዬን ጭረቶች አወቅኳቸው። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ያሉት፣ «እማማ፣ ያሳልፉን እንጂ፣ ቅዳሴው ሊያመልጠን ነው» አሉ። በዚህ ማንም አያልፍም አልኳቸው። በቦይዋ ውስጥ እየረገጡ አለፉ።

እየጎተትኩ መንገድ ድረስ አወጣሁት። ከዚያ በላይ ጉልበት አልነበረኝም። ስኳርና ሻይ ቅጠል የምገዛቸው ሐጂ ኑሩ ከሱቃቸው ሆነው አዩኝና መጡ። አይንኩት፣ ሬሳ የተሸከመ ነው፣ ሌላ ይጠራል ይላሉ አልኳቸው። «የእኛ ቃሬዛ ውሎ አዳሩ መስጊድ ነው። ስንቱን ተሸክሟል፤ እስካሁን ስም ሲጠራ አልሰማሁም። ያዢ በዚያ በኩል» አሉኝ። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን በገበያው መካከል አለፍን። ላቀች አይታ በስመ አብ ብላ በሯን ዘጋች።

በአመድ ፈተግኩት። ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር እያወጣሁ አደረቅኩት። መሄጃውን ጧፍ ቀባሁ። ከዚያ እንደ ድሮው በዳሌዬ ገፋሁት። እስከ ግማሹ ገባና ቆመ። ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ጎብጧል። ልመልሰው ብስብም አልወጣም አለ። ካሴን ጠራሁት። ጎተተ፣ ገፋ፣ አላበው። «ፊቱን በመላጊያ ላሳሳልሽና ይገባል» አለኝ። አይሆንም አልኩት። የቢላዬ ጭረት፣ የማንቆርቆሪያው ክብ፣ መዳፍህ ስንቴ የጠረገው፣ ክንድህ የተንተራሰው፣ ሁሉም በፊቱ ላይ ነው ያለ። ያን ፍቅፋቂ አድርጌ ምድጃ ውስጥ ልጨምረው?

ያ ጥርሰ ፍንጭቱ ሾፌር ሰሞኑን መጥቶ ነበር። ከበሩ ሆኖ ገበታውን አየ፤ አልገባም። ዳቦውን በእጁ ተቀብሎ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ በላ። እንዲያውም እሱ ደግ ነው፤ ሌሎቹ ሬሳ ከተኛበት እንጨት ላይ የተቆረጠ ዳቦ አንበላም ብለው ማዶ ነው የሚሄዱ። ሻዩን ለማን እንደማፈላው አላውቅም። አፍልቼ እኔው እጠጣዋለሁ። ሌላ ይጠራል የተባለው እንጨትም እስካሁን አልጠራኝም። ጆሮዬን አቁሜ እጠብቀዋለሁ፤ እንደ ሰዎቹ ሁሉ እሱም ዝም ብሎኛል።

ቦታ እንዳይዝ ብለህ የሠራኸው ቤቱን ሁሉ ያዘው። ወደ ምድጃው ስሄድ ዳሌዬን ይገጨኛል፤ ስመለስም ይገጨኛል። በጎን ነው የማልፈው፤ አንተ በሩን ዘግተህ ቆመህ መጋዝህን ስትሞርድ ተጣብቤ እንደማልፍህ። ሰው ለሞተበት አልረሳህም ብሎ ይምላል። እኔ የምምለው ሌላ ነው። ማንም አይልገውም፣ ማንም አይቆርጠውም፤ የበለዘ ዳሌዬን ይዤ ውሎዬን ሁሉ ስገጭህ እኖራለሁ።

ይህንም የምጽፈው በላዩ ነው። ጥግ ላይ ዱቄት ነስንሼ ስምህን ከነ ዘው ጽፌዋለሁ። የሚጠርገው መዳፍ ስለሌለ እንዳለ ተቀምጧል።

ለካሴ ተናዝዣለሁ። የእኔ ቀን ሲደርስ መጥረቢያውን ይዞ ይመጣና አልጋውን ሰብሮ በዚሁ ገበታ ያወጣኛል። ካንተ አጭር ነኝ፤ በመጨረሻ ለእኔም ቦታ ይተርፈኛል።

ጥሩነሽ